ቁም ሳጥኑ የለም ያለው ኮምፒውተር

ሥራ የጀመርኩ ቀን ደፍሬ ቀና ብዬ ያየሁት ኮምፒውተሩን ብቻ ነው፤ ሰው ፊት አፌ ይታሰራል። ትምህርቴም ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሥራዬ ከቶጎጫሌ በአይሱዙ መጥቶ ጅግጅጋ መጋዘናችን የሚራገፈውን ዕቃ መመዝገብ ነበር።

የመመዝገቢያውን ድረ ገጽ የሠራችው ሆዳን ናት። "ፍራሽ ውፍረት አለው፣ ፍሪጅ በር አለው። ለሁሉም ዓምድ ልሥራ ብል አያልቅም" አለችኝ። ስለዚህ አንድ ሰፊ ዓምድ ሰጠችን። እዚያ ውስጥ ስያሜና መረጃ እያጣመርን ጄሰን በሚባል የኮምፒውተር አጻጻፍ እንጽፋለን። ስያሜውን የምንመርጠው እኛው ነን።

እኔ "ባለቤት" እያልኩ እጽፋለሁ። ምሳ ስወጣ የሚተኩኝ አለቃዬ አዴር ሙሴ፣ አጎት ሙሴ እንደ ማለት፣ ደግሞ "ሰውዬው" ይላሉ። ያዩትን ሁሉ ሳይጽፉ አያልፉም።

አንድ ጠዋት አንዲት እናት የልጃቸውን የሰርግ ቁም ሳጥን ሊወስዱ መጡ። ሙሽራዋ ከሰዓት አዲሱ ቤቷ ትገባለች። ዕቃው የመጣው በባላቸው ቅጽል ስም ነው፤ ከተማው ሁሉ ጋብ፣ ማለትም አጭሩ፣ የሚላቸው ረጅም ሰው ናቸው። "ባለቤት፦ ጋብ" ብዬ ፈለግሁ። ምንም።

"የለም፣ ኤዶ" አሉ አዴር ሙሴ፣ አክስት ብለው በማክበር። "ያልተመዘገበ ዕቃ ደግሞ አይወጣም።"

ሴትየዋ ከአዴር ሙሴ ኋላ በቆመው ቁም ሳጥን መስታወት ሻሻቸውን እያስተካከሉ ነበር። "ታዲያ ጀርባህን ምን ውስጥ ነው የማየው?"

"ኮምፒውተሩ የለም ይላል።"

"እንግዲያው ዞር ብለህ እይ በለው።"

ምዝገባውን አንድ በአንድ እየከፈትኩ አዴር ሙሴ የጻፉትን አገኘሁት፦ "ዕቃ፦ ቁም ሳጥን፤ ሰውዬው፦ ጋብ፤ ጠባይ፦ ሚስቱን ይፈራል።" የመጨረሻውን ጮክ ብዬ ማንበብ አቃተኝ።

"አባዮ፣ እህቴ፣ ምነው ቀላሽ?" ብለው ሴትየዋ ጎንበስ አሉና ራሳቸው አነበቡት።

አዴር ሙሴ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

"የእኛው ነው" አሉ ሴትየዋ። "ጫኑልኝ።"

በማግስቱ ሆዳን አስተካከለችው። የባለቤቱ ስምና ስልክ ባዶ የማይታለፍ የየራሳቸው ዓምድ አገኙ። ሰፊው ዓምድ ተራ ጽሑፍ ስለነበር የሰጡትን ሁሉ ይውጥ ነበር፤ አሁን የጄሰን ዓይነት ስለሆነ የተበላሸ አጻጻፍ አይቀበልም። ስያሜውንም ከተዘጋጀ ዝርዝር እንመርጣለን እንጂ አንፈጥርም።

"ጠባይ የቱ ጋ ነው የሚገባው?" አሉ አዴር ሙሴ።

"የትም" አለች ሆዳን።

እኔም የተማርኩት ይህን ነው፦ ሁሉም ዕቃ ያለውና ዕቃው የሚፈለግበት ነገር የራሱ ዓምድ ይኑረው። ከዕቃ ዕቃ የሚለያየው ብቻ ጄሰን ውስጥ ይግባ።