ሜትሩን ያዝልኝ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ፊሽካ፣ ጠመኔና ሃምሳ ሜትር የሚረዝም መለኪያ ነበር። ማዕረጌ ኮንስታብል፣ ምድቤ የሶዶ ትራፊክ። አለቃዬ ሳጅን ዳና መለኪያውን እያቀበለኝ «ፊሽካው ለመኪና ነው፤ ሰው ሲሰበሰብ ይሄ ይሻልሃል» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ ለመጠየቅም ኮራሁ።

ኩራቴ ለሌላ ሰው ተረፈ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ በሻንቶ መንገድ አንድ ሞተረኛ እግረኛ ገጭቶ ሰው ከቦት ደረስኩ። ፊሽካዬን እየነፋሁ «ተበተኑ! ሁላችሁም ተበተኑ!» ብዬ ጮህኩ። ሁላችሁም ስላልኩ ማንም እኔን ነው አላለም። ከመሃላቸው ድንጋይ ተወርውሮ ሞተረኛው አንድ ዓይኑን አጣ። ድንጋዩን ማን እንደወረወረ ስጠይቅ፣ የጠየቅኩት ሁሉ «ሕዝቡ ነው» አለኝ።

ሪፖርቴን ሳቀርብ ሳጅን ዳና «ሕዝብ የሚባል ሰው አስረህ ታውቃለህ?» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ከመሃል አንድ የምታውቀው ሰው ፈልግ። በልጁ ስም ጥራው። ከዚያ ሥራ ስጠው።»

እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው በልጁ ስም ሲጠራ ክብሩ ነው። ምክሩ የሠራልኝ ግን ከዓመታት በኋላ፣ እኔም ሳጅን ከሆንኩ ወዲያ፣ በበዴሳ የገበያ ቀን ነው።

አንድ አይሱዙ ቅቤ ነጋዴ ገጭቶ እግሯን ሰብሯል። እሷን በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወስደዋታል። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ በሩን ቆልፎ አጎንብሷል፤ የፊት መስታወቱ ተሰነጣጥቋል፤ የተሰበሰቡት ሰዎች መኪናውን እየገፉ ይወዘውዙታል። ከፊት የቆመው ማርቆስ ነበር። ማርቆስ የልጄን የማርታን ሳይክል የሚጠግን፣ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው የማላውቅ ሰው ነው። ድንጋይ በሁለት እጁ ይዟል። ዓይኑ ዓይኔ ላይ አረፈ፤ ግን አላወቀኝም። ፈራሁት።

«የታሪኳ አባት!»

አልሰማም። ተጠግቼ ትከሻውን ነካሁት።

«የታሪኳ አባት፣ ሜትሩን ያዝልኝ!»

«ምን?»

«የፍሬኑን ምልክት ልለካ ነው። ጫፉን ያዝልኝ።» በሁለት እጅ ነው የሚያዘው ብዬም ዋሸሁት።

ድንጋዩን እግሩ ሥር አስቀመጠ። አጠገቡ ለነበረው ጠመኔ ሰጠሁት፤ አንዷን ባለሱቅ ቁጥሩን እንድትጽፍልኝ ለመንኳት። ሰባት ሜትር የማይሞላ ምልክት ሦስት ጊዜ ለካን። ባልደረቦቼ ደርሰው ሾፌሩን ሲወስዱት ማርቆስ ገና የሜትሩን ጫፍ አልለቀቀም።

«ሳጅን፣ ልገድለው ነበር እኮ» አለኝ። «ሴትዮዋንም ሰውየውንም አላውቃቸውም።»

ይህን ታሪክ ለአዲስ ገቢዎች ስንቴ እንዳወራሁት አላውቅም። ሳወራ ደስ ይለኝ ነበር፤ ራሴን ሁልጊዜ ሜትር አቀባይ አድርጌ ነበር የማየው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ጠዋት ሶዶ መናኸሪያ «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ሰማሁ። ላረጋጋ ብዬ ገባሁ። መቼ አብሬ መጮህ እንደጀመርኩ አላስታውስም። አንድ ጎልማሳ መሬት ላይ ተጠቅልሎ ነበር፤ ጎኑን ረገጥኩት። ለመድገም እግሬን ሳነሳ አንድ እጅ ጃኬቴን ያዘ።

«የማርታ አባት! ሜትሩን ማን ይያዝ?»

ማርቆስ ነበር። የሳይክል ጎማ ከመነዳሪ ሊገዛ ከበዴሳ መጥቶ፣ የገዛውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል።

እግሬን መለስኩ። አሁን ስጽፈው እንኳ በሐፍረት ፊቴ ይግላል። ሰውየውን ሁለታችን ደግፈን ጣቢያ አደረስነው። ተረኛው ፖሊስ ያስተማርኩት ነው፤ ማን እንደመታው ሲጠይቅ «አንዱ እኔ ነኝ» አልኩት።

ብዕሩን አቆመ። «ሳጅን፣ ሕዝቡ ነው ብለን እንለፈው።»

«አይሆንም። ስሜን ጻፍ።»

ጻፈ፤ ፈረምኩ።

ለአዲስ ገቢዎች፦ ፊሽካ ከመንፋታችሁ በፊት ሰው በስሙ ጥሩ። የእናንተንም ስም የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይኑር።