ዱብ እስኪል ድረስ

ዛሬ ከሰዓት የአባቴ አክስት እማሆይ መቋሚያቸውን አንስተው የሳሎናችንን ወለል ደጋግመው መቱት። ደንግጠን ወደ እሳቸው ዞርን።

ነገሩን ያመጣው የልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ነው። «አባዬ፣ ታድ (thud) ማለት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከባድ ነገር ሲወድቅ የሚሰማ የታፈነ ድምፅ ነው፣ እንደኛ «ዱብ» ያለ፣ አልኳት። አዋቂነቴን ላሳይ ብዬም ጨመርኩ፦ በጥንቱ እንግሊዝኛ ሥሩ መግፋት፣ መምታት ማለት ነበር ይባላል፤ ድምፅ የሆነው በኋላ ነው።

ይኼኔ ነው እማሆይ ወለሉን የመቱት።

«ልክ ነው፤ መጀመሪያ ምቱ ነው» አሉ። «በጣሊያን ጊዜ፣ ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ አማኑኤል አጠገብ ባለው ቤታችን፣ የእህል ጉድጓዳችን ውስጥ የአርበኞች ጠመንጃ ቀብረን ነበር። ወታደሮቹ ለፍተሻ ሲገቡ መሬቱን በሰደፍ ይመታሉ። ባዶ ከጮኸ ቤቱ ይቃጠላል። እናቴ በጠመንጃው ላይ ጭድና አፈር ሞልታ በዘነዘና ጠቀጠቀችው። እኔም በእግሬ ረገጥኩት።»

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«መጡ፣ መቱ። ዱብ አለ። ወጡ።»

(የእኔ ማብራሪያ ቢመታ ባዶ ይጮህ ነበር።)

ልጄ ግን አልለቀቀቻቸውም። «ዱብ ባይልስ ኖሮ፣ እማሆይ?»

እማሆይ ተቆጡ። «እስኪል ድረስ ነዋ የጠቀጠቅነው!»

እናንተስ? ቤታችሁ ያሉ አረጋውያን ከዚያ ዘመን የትኛውን ድምፅ ያስታውሳሉ? እዚህ ጻፉልኝ። «ረስተውታል» አትበሉኝ፤ እስኪያስታውሱ ጠይቋቸው።