አባይነህ የዘመተበት ቀን

አባይነህ ፈሪ ነው። ስም ማጥፋት እንዳይመስላችሁ፤ ሰው በተሰበሰበበት ራሱ ነው የሚያወራው። አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሲኖር ሃይዌይ ላይ የፈጣኖቹን የግራ መስመር ነክቶት አያውቅም። ሚስቱ ሠርካዲስ «ከእሱ ጋር አየር ማረፊያ በሰዓቱ ለመድረስ ከዋዜማው መነሳት ነው» እያለች ታሾፍበታለች፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ፍርሃቱ ግን የቀልድ አልነበረም። ከየት እንደመጣም አሳምሮ ያውቀዋል።

በደርግ ጊዜ ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና በሚታፈስበት ሰሞን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ልደታ የነበረችው አክስቱ ኮርኒስ ውስጥ ደበቀችውና ሰባት ወር እዚያ ተጋድሞ ከረመ። አንድ ጠዋት የቀበሌ ጠባቂዎች አብሮ አደጉን በዛብህን ከጎረቤት ሲወስዱት ከላይ ሆኖ ሰማ። በዛብህ ጫማዬን ላጥልቅ እያለ ይለምናቸው ነበር። በዚያው ቀረ። አባይነህ ያን ጠዋት አፉን በክንዱ አፍኖ «እንኳን እኔን አላገኙኝ» ብሏል፤ በዚህች ቃል እስከ ዛሬ ያፍራል።

ዲቪ ደርሶት ኮሎራዶ ሲመጣ መጀመሪያ አየር ማረፊያ ዊልቸር ገፋ። ኋላ ኮርስ ወስዶ በየቤቱ እየሄደ አዛውንት መንከባከብ ጀመረ፤ ይህን ሥራ ደግሞ ወደደው። እ.ኤ.አ. በ2014 የቀጠረው ኤጀንሲ ሴንቴኒያል ከተማ ወደሚኖሩ ሚስተር ዋልተር ወደሚባሉ የዘጠና ዓመት ሰው ላከው። ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ሲጠግኑ የኖሩ፣ እጃቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ ሰው ናቸው። አእምሯቸው ግን መሄድና መምጣት ጀምሯል። ልጃቸው በመጀመሪያው ቀን ነገረችው፦ በወጣትነታቸው ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ አንዲት ደሴት ውስጥ እግረኛ ወታደር ሆነው ተዋግተዋል፤ ስለዚያ አንድም ቀን አውርተው አያውቁም፤ አትጠይቃቸው። የጦር መሣሪያ የሚባል ሁሉ ከቤት ወጥቷል አለችው። እሱም ይሄን ሲሰማ ትንሽ ተነፈሰ።

ሰውየውና እሱ ተስማምተው ነበር። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረ፤ ውሃ። ሚስተር ዋልተር ከአባይነህ እጅ ውሃ አይቀበሉም። ከማታዋ ተረኛ ከሩቲ እጅ ጥርግ አድርገው ይጠጣሉ፤ እሷ እኮ ስልክ እያወራች በአንድ እጇ ነው የምታቀብላቸው። እሱ ግን አባቱ እንዳሳደጉት ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ዐይኑን ሰበር አድርጎ ጎንበስ ይላል፣ እንዲያ ነው የሚያቀርበው። ያኔ የሰውየው ፊት አመድ ይመስላል፤ ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። አባይነህም አክብሮቴ አነሰባቸው ብሎ በማግስቱ የባሰ ያጎነብሳል። አራት ወር እንዲህ ሲሄድ ግንባሩ ጉልበታቸውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ግንቦት ውስጥ ነው፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሰማዩ አረንጓዴ ቢጤ ሆነና የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ጮኸ። ሳይረን ሲጮኽ ታካሚውን ይዞ ቤዝመንት ወደሚሉት ምድር ቤት መውረድ የኤጀንሲው ሕግ ነው። ደግፎ አወረዳቸውና አሮጌው ሶፋ ላይ አስቀመጣቸው። ወዲያው እንቁላል የሚያክል በረዶ ጣሪያውን ይደበድበው ጀመር። ላይ ቤት መስኮት ሲሰበር ተሰማ፤ ቀጥሎ መብራቱ ጠፋ። ከመሬት እኩል ካለችው ትንሽ መስኮት የምትገባው ብርሃን ብቻ ቀረች።

ሚስተር ዋልተር ከሶፋው ተንሸራተው ወለሉ ላይ በደረታቸው ተኙ። የአባይነህን ኮሌታ ይዘው ጎተቱት፤ ጉልበታቸው የዘጠና ዓመት ሰው ጉልበት አልነበረም። ራስህን አታንሳ አሉት። እሱም በረዶ ነው ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ማን ሰምቶት።

ያን ሁሉ ዓመት ያልወጣው ወሬ ያኔ ወጣ። ደሴቲቱ ድንጋይ ብቻ ናት አሉት፤ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ የባሕር ድንጋይ፣ ጉድጓድ እንኳ አይቆፈርበትም። ጎሕ ሲቀድ ከጀልባ ዘለው ወደ ዳር ሲሮጡ ከጓደኞቻቸው ግማሹ አሸዋው ላይ ቀረ። ጠላት አይታይም፤ ኮረብታው ላይ ዋሻ ለዋሻ ነው ያለው፣ ጥይቱ ብቻ ይመጣል። ረፋዱ ላይ አብሯቸው ያደፈጠው ልጅ ስለ እናቱ ቤት እያወራ አንገቱን ተመታ፤ ወሬውን አልጨረሰም። ውሃ በነዳጅ በርሜል መጣላቸው፤ የጠጣው ሁሉ ያስመልሳል። እኩለ ቀን ሲሆን የብረት ቆባቸው እጅ ያቃጥላል፣ ምላሳቸው አብጦ አፋቸው ውስጥ አልገላበጥ ብሏል። ይህን ሁሉ ሲያወሩ ከንፈራቸው እውነትም ደርቆ ነበር።

«ውሃ» አሉ። «ውሃ የለንም።»

በአራት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ መጠየቃቸው ነው። አባይነህ ደስ አለውና የሳይረኑንም የበረዶውንም ነገር ረስቶ ደረጃውን በሁለት በሁለት እየዘለለ ወጣ። ስልኩን ከኩሽናው ጠረጴዛ ማንሳት ነበረበት፤ አላነሳም። ብርጭቆውን ሞልቶ ወረደ፤ በሁለት እጁ ይዞ፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ እንደ ልማዱ ዝቅ ብሎ ቀረበ።

ቀና ሲል ሽጉጥ አየ።

የገና ጌጥ ከሚቀመጥበት ካርቶን ኋላ የብረት ሣጥን ነበር ለካ፤ ማንም አላወቀም። ሣጥኑ ተከፍቶ ወለሉ ላይ ወድቋል። ሚስተር ዋልተር ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሽጉጡ ከአባይነህ ደረት ሁለት ክንድ አይርቅም። አያድርስ ነው። ልሩጥ ቢል ደረጃው ከኋላው ነው፣ ጀርባውን መስጠት ሊሆንበት ነው፤ ውሃው እጁ ላይ ይፈስሳል። ሴት ልጁን እምነትን ማታ ከትምህርት ቤት ማን ያመጣታል የሚል ሐሳብ ነው የመጣበት፣ ሌላ አይደለም።

«እንደገና መጣህ» አሉት ሽማግሌው።

ሽጉጡ ጥይት ይኑረው አይኑረው አያውቅም። እንዲህ የተደናገረ ሰው ደግሞ ሳያስበው ቃታ ይስባል።

«ያን ቀንም ከዋሻው ስትወጣ እንዲሁ አጎንብሰህ ነበር» አሉ። «በሁለት እጅህ የሆነ ነገር ይዘሃል። ቦምብ መሰለኝ። ከወደቅክ በኋላ መጥቼ አየሁት።» ብርጭቆውን አዩ። «ኮዳ ነው። ውሃ ልትሰጠኝ ነው የወጣኸው። እኔም እዚያው አጠገብህ ቁጭ ብዬ ጠጣሁት።»

አባይነህ ገባው። አራት ወር ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ ለእኚህ ሰው የገደሉትን ሰው እያመጣ ፊታቸው ሲያቆም ነበር። አክብሮት ባበዛ ቁጥር ሲያሠቃያቸው ነበር። ፍርሃቱ ላይ ኀዘን ተጨመረበት።

በዚህ መሐል ሚስተር ዋልተር ሽጉጡን አዞሩና እጀታውን ወደ እሱ ዘረጉ። «በል ውሰድ። ለዚህ አይደል የምትመጣው? አሁን የአንተ ተራ ነው።» ዐይናቸውን ጨፈኑ።

መሣሪያ ላለመያዝ ሰባት ወር የተደበቀ ሰው በአርባ አራት ዓመቱ ሽጉጥ ተቀበለ። ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ፣ ሽጉጡን በሁለት ጣቱ ይዞ ሣጥኑ ውስጥ ከተተ፣ ሣጥኑን በእግሩ ሶፋው ሥር ገፋው። አሁን ሮጦ መውጣት ይችላል፤ ደረጃው ባዶ ነው። እሳቸው ግን ዐይናቸውን ጨፍነው ጥይት እየጠበቁ ነው። እንዲህ ቆመው ትቷቸው ሊሄድ አልቻለም። ይቅር ብዬዎታለሁ ሊል ፈለገ፤ የማያውቀውን ሰው ሞት ይቅር ለማለት ግን ድፍረቱን አጣ። ስለዚህ ዋሸ።

«አልሞትኩም» አላቸው። «ስተውኛል።»

ዐይናቸውን ገለጡ። «እኔ አልስትም። ደረትህን ነው የመታሁህ።»

ያ ሰፊ እጅ መጣና የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ ገባ፤ ቀዳዳውን ይፈልጋል። ጣታቸው ቀዝቃዛ ነው። አባይነህ አልሸሸም፤ ልቡ ግን ከፍርሃት ብዛት ደረቱን ሰብሮ ሊወጣ ደርሷል። ሽማግሌው መዳፋቸውን እዚያ ላይ ጠፍጥፈው አስቀመጡ። በረዶው አባርቶ ቤቱ ጸጥ ሲል እንኳ አላነሱትም።

«ይመታል» አሉ በመጨረሻ። ፊቱን አዩት። «በጣም ነው የሚመታው። ፈርተሃል እንዴ?»

«አዎ» አለ አባይነህ። «በጣም ፈርቻለሁ።»

«እኔም እኮ ፈርቼ ነበር» አሉት። «ለዚያ ነው የተኮስኩብህ።»