የአለቃው ደም መስኮት ዳር

ላቦራቶሪው ውስጥ «እትዬ ሸፍኑ» ነው የሚሏት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ሸፍኑ! ኧረ ሸፍኑ!» ስትል ስለኖረች ስሙ ተለጠፈባት። ምን ታድርግ? የምትሠራበት ቢጫ ቀለም ሸረኛ ነው። ጨለማ ውስጥ ከደም ጋር ሲቀላቀል ጨዋ ነው፤ ብርሃን ካየ ግን ይነቃና የቀይ የደም ሴሉን ሽፋን ይበሳሳዋል። ያኔ ሴሉ ይፈነዳል፣ በውስጡ ያለው ቀይ ነገር ይፈሳል፣ የሳምንት ልፋትም ገደል ይገባል።

አዲሱ አለቃ ይህን አይሰማም። በመጣ በሳምንቱ «የምንደብቀው ነገር የለም!» ብሎ ጥቁሩን መጋረጃ አስወለቀ፤ ጠረጴዛዋንም መስኮት ሥር አስጎተተ። ላቦራቶሪውን ሊጎበኙ ለሚመጡ እንግዶች ፎቶ እንዲያምር ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል! ደሙ ሦስት ጊዜ ተበላሸ። ሦስት ጊዜ ምክንያቱን ጻፈችለት። መልሱ ማስጠንቀቂያ ሆነ፤ አንዴ ከተደገመ ከሥራ ልትባረር ነው፣ ያውም ጡረታዋ ሁለት ዓመት ሲቀረው።

እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን ጠዋት አለቃው ክንዱን ገልጦ ዘረጋላት። «ጥፋቱ የእጅሽ ነው እናቴ፤ ደሙም የደካሞች ነው። የእኔን ውሰጂ። የእኔ ደም እንዲህ በዋዛ አይፈርስም!»

«እሺ ጌታዬ» አለች። አፏ እሺ ቢልም ሆዷ ሌላ ይመክር ነበር። ደሙን ከቀለሙ ጋር ቀላቅላ ሁለት ብልቃጥ ሞላች፤ አንዱን መስኮቱ ላይ አቆመች፣ ሌላውን በፎይል ጠቅልላ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

አለቃው እንግዶቹን እየመራ ሲመጣ የመስኮቱ ብልቃጥ ሴሎቹ ፈንድተው ውሃው ከላይ እስከ ታች ቀልቶ ጠበቀው።

«ይኼ የማን ደም ነው?» አሉ አንዲት እንግዳ።

«የእሳቸው» አለች፤ ከኪሷ ያወጣችውንም ፈታች። ሴሎቹ ከታች ረግተው፣ ላዩ ንጹሕ ቢጫ ውሃ። «ይኼም የእሳቸው ነው። ብርሃን አላየም።»

አለቃው ብልቃጦቹን አየ፣ እሷን አየ። ወይ ደሙ የደካማ ነው፣ ወይ እሷ ልክ ናት። የትኛው ይበልጥ እንደሚያንገበግበው ለማወቅ ጠንቋይ መጠየቅ አያሻም።

«ብርሃኑ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ለመሆኑ ይህን መጋረጃ ያወለቀው ማነው?»

ሁሉም ጫማ ጫማውን ያይ ጀመር።

ከሰዓት መጋረጃው ተሰቀለ፣ ማስጠንቀቂያውም ተቀደደ። ግኝቱ ግን በአለቃው ስም ወጣ። አንጀቷ አረረ፤ ለምን አያርር? ደግነቱ መዝገቡን የምትሞላው እሷ ናት። «ናሙና፦ የአለቃው ደም። ውጤት፦ ብርሃን ሲያገኘው እንደማንም ሰው ደም ፈረሰ» ብላ ጽፋ አቀረበችለት። ሳያነብ ፈረመ።