በሃምሳው አይሰገድም

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ልጄ ከመንደር አምጥታ እዚህ ቀየት፣ ቤቷ አስቀመጠችኝ። እሷ እዚህ አስተማሪ ናት፤ ባሏ ዓለም ከተማ ይሠራል፣ ሲመቸው ይመጣል። ያን ጊዜ ገና ከአራስነቷ አልወጣችም። «አባባ፣ የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ሕፃኗን ከእርስዎ በቀር ለማን እተዋታለሁ? ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፣ በየረፍቱ እየመጣሁ አጠባታለሁ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ያኔ ምንም ብባል እሺ ነበር የምለው።

ሰዉ ሐዘን ነው ይለኛል። ሐዘን እንኳ ያማል። የኔ ግን፣ ክንድን ተንተርሰው አድረው ሲነሱ እንደሚደነዝዘው ያለ ነው፤ ክንዱ አለ፣ ያንተው ነው፣ ቢቆነጥጡት ግን የሌላ ሰው ነው። በቀብሯም አላለቀስኩም። ቆሎ ስቆረጥም ድምፁን እሰማለሁ፣ ጣዕሙ የለም።

አንድ ቀን ልጄ ሽንኩርት ልትገዛ ገበያ ወጣች። ስትመለስ ሕፃኗ እሪ ትላለች፣ ከማልቀሷ ብዛት ፊቷ ጠቁሯል። እኔ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። አልተኛሁም፣ ዓይኔም ክፍት ነበር።

«አባባ፣ አልሰሟትም?»

አልሰማኋትም። ልጄ አልተቆጣችም። ሕፃኗን አንስታ ጡት አጎረሰቻትና ግድግዳ ግድግዳውን ታይ ጀመር። ፈቃዷ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ነው። እንግዲህ ለማን እንደምትተዋት እያሰበች መሆኑ ገባኝ። መግባቱስ ገባኝ፣ አልተሰማኝም እንጂ።

ከወለደች ወዲህ ወገቧን ስለሚያማት፣ ጠዋት ጠዋት ከስልኳ እያየች ዮጋ የሚሉትን ትሠራለች። መሬት ላይ የጠጉር ባና ታነጥፋለች፤ ጠጉሩን የፈተለችው እናቷ ናት። ከገበያው ቀን በማግስቱ «እርስዎም ይሞክሩ» አለችኝ።

«ለጉልበቴ ነው?»

«ለጉልበትዎ አይደለም። እዚህ ተቀምጠው እዚህ የሉም።»

ከበርጩማው ወረድኩና እንደሷ ተንበረከክሁ። ግንባርዎን መሬት ያስነኩ ስትለኝ ግን ቀጥ አልኩ።

«በሃምሳው?»

«ምን በሃምሳው?»

«ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ አይሰገድም። ረሳሽው?»

«ኧረ አባባ፣ ስግደት አይደለም፤ ወገብ ማፍታቻ ነው።»

«እሱን ለሚያየኝ ሰው ማን ያስረዳልኛል?»

«እግዜር ያውቃል።»

«እግዜርማ ያውቃል። እኔ የምልሽ ጎረቤቱን ነው።»

በሩን ሄዳ ዘጋች። እኔ ግን አልሰገድኩም። ሰው ከለመደው ሥርዓት ሌላ ምን ይቀረዋል?

«እንግዲያው በጀርባዎ ይተኙ» አለች። ተኛሁ። እጆቼን በጎንና በጎኔ ዘረጋጋች፣ ዓይኔን እንድከድን ነገረችኝ።

«ይኸማ ግንዘት ነው። ምነው ቸኮልሽ?»

ወገቧን ይዛ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ነገሩን ስናገረው እንኳ ቀልድ መሆኑን ያወቅሁት ከሳቋ ነው።

«ትንፋሽዎን ይከተሉ፣ ሌላ ሥራ የለብዎትም» አለችኝ። ብከተለው ጥቂት ሳልቆይ ጠፋኝ፤ ልቤ እመንደር፣ እተዘጋው ቤታችን ደጃፍ ሄዶ ቆመ።

«የኔ ትንፋሽ የሚያዝ አይደለም» አልኳት።

ሄዳ ሕፃኗን አመጣችና ደረቴ ላይ በሆዷ አስተኛቻት። «እንግዲያው የሷን ይያዙ።»

የሷ ትንፋሽ አጭር ነው፣ ይፈጥናል። ሆዷ ይነፋል፣ ይጎድላል። አንዳንዴ ቆም ትላለች፤ ያኔ እኔም ትንፋሼን ይዤ እጠብቃታለሁ። ስትቀጥል እቀጥላለሁ። መንደር አልሄድኩም። ብሄድ ታመልጠኛለች።

እንዲህ ሆነን ሳለን ደረቴ ሞቀኝ። ሸንታብኝ ኖሯል። ሙቀቱ በሸሚዜ ዘልቆ ወደ ጎኔ ወረደ፣ ወዲያው ቀዘቀዘ። የመንዝ ጠዋት ነውና ብርዱ አጥንት ድረስ ገባ።

«በረደኝ» አልኩ።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። እናቷ ካረፈች ወዲህ እሳቱ ጠፍቶ ስቀመጥ እንኳ በረደኝ ብዬ አላውቅም። ደረቅ ሸሚዝ ልታመጣ ተነሳች፣ ሲመስለኝ ዓይኗን ለመጥረግም ነው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እሷ ወገቧን ስታፍታታ እኔ ሕፃኗን ደረቴ ላይ አድርጌ እተኛለሁ። አንዳንድ ቀን ይሆንልኛል፣ አንዳንድ ቀን ልቤ ሄዶ ይቀራል። ሲቀር አልቆጣውም፤ ሕፃኗ ስትፈራገጥ ይመለሳል።

ፈቃዷ አለቀ። የመጀመሪያ ቀን ልጄ ደጃፍ ደርሳ ተመለሰች፣ ሻሽ ረሳሁ አለች፤ ሻሹ ራሷ ላይ ነበር። ሄደች። በረፍቱ እያለከለከች ገባች።

«ምን ዋላችሁ?»

«ተኛች። ስትነቃ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ቆርቆሮው ላይ ወፍ ሲራመድ አፏን ከፍታ ሰማችው። አስነጠሳት። ጋቢዬን ጨብጣ አለቅም ስላለች ሳልነሳ ቆየሁ። አሁን ርቧታል፣ ጣቷን እየጠባች ነው።»

ልጄ ሁሉንም አዳምጣ ነጠላዋን አስቀመጠችና ልታጠባ ቁጭ አለች። እንደ ገበያው ቀን ግድግዳ አላየችም።

ጰራቅሊጦስ አልፏል። አሁን ግንባሬን ባናው ላይ አደርጋለሁ። ፈትሉ ወፈር የሚልበት ቦታ አለ፤ ባለቤቴ ስትፈትል ጨዋታ ከያዘች ክሩ ይወፍርባት ነበር። ግንባሬን ይሻክረኛል። ልቅሶው እስካሁን አልመጣም። ሕፃኗ ስትነቃ ግን እሰማታለሁ።