አማቴን የሰደብኩበት የሆኪ ዋንጫ

ቀበና ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ሳፋ፤ እኔ ፊት ቀርቦ ሳይሸጥ የቀረ ዕቃ የለም እያልኩ ስኩራራ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ከዘራ ግን ለገዛ አማቴ በነጻ ልሰጥ ብዬ አቃተኝ።

አማቴ የሚኖሩት እንጦጦ፣ ከኪዳነ ምሕረት ከፍ ብሎ ነው። ክረምቱ ሲገባ ጭቃ አንሸራቷቸው ወደቁ። አጥንታቸው ተረፈ። ሐኪሙ ግን «በከዘራ እየተደገፉ ካልተራመዱ እግርዎ እዚያው ይደርቃል» አላቸው። እሳቸው «ከዘራ የሽማግሌ ነው» ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ተቀመጡ ስል፣ ተተከሉ ማለቴ ነው። ከዘራው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሚስቴ በየማለዳው ሽቅብ እየወጣች ትለምናቸዋለች፤ ማታ ቤት ገብታ ታለቅሳለች።

እኔም የነጋዴ ዘዴዬን ሞከርኩ። «አባባ፣ ይሄ እኮ የውጭ ዕቃ ነው» አልኳቸው።

«ለውጭ ሰው ስጠው» አሉኝ።

በዚህ መሃል የዓለም የወንዶች ሆኪ ሻምፒዮና መጣ። ሱቄ ውስጥ ባለው ቴሌቪዥን እግር ኳስ ስፈልግ ነው ድንገት ያገኘሁት። ቆልማማ ዱላ የያዙ ጎረምሶች ትንሽዬ ድቡልቡል ኳስ ያሯሩጣሉ። ይሄማ የኛው ገና ጨዋታ ነው! አማቴ ደግሞ በጉብዝናቸው ዘመን የላይ ሰፈር የገና አውራ ነበሩ። በፍጻሜው ዕለት ሱቄን ዘግቼ ወጣሁና ዲሻቸውን አስተካክዬ ከፈትኩላቸው።

«በክረምት ገና?» አሉ ዐይናቸውን አጥብበው። «ሜዳውን ለምን ያጠጡታል?»

«ኳሱ እንዲፈጥን ነው፣ አባባ። ሣሩ ፕላስቲክ ነው።»

«ፕላስቲክ ያጠጣሉ!» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ባልዲህን አጠጣው፤ አድጎ በርሜል ይሆንልህ ይሆናል።»

በረኛውን ሲያዩ ደግሞ «ያኛው ፍራሽ ተሸክሞ ወዴት ሊሄድ ነው?» አሉ።

የእኔ ሂሳብ ሌላ ነበር። ገና የሚጫወቱት ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ናቸው። ያሸነፈው የተሸነፈውን ደጁ ድረስ ሄዶ ይሰድበዋል፤ ተሰዳቢው ባላባት ቢሆን እንኳ ፊቱን ማጥቆር አይፈቀድለትም። እንግዲህ አማቴ ካሸነፉ ሊሰድቡኝ ቀበና መውረድ አለባቸው። ለመውረድ ደግሞ መነሳት ግድ ነው። የትኛው ቡድን እንደሚያሸንፍ ሰንብቼ አጥንቻለሁ፤ ብርቱካናማ ለባሾቹ ናቸው። ጨዋታው ሲጀመር ቴሌቪዥኑ ላይ በመስኮቱ በኩል ባለው ጎን ተሰለፉ። መስኮቱ የሚያየው ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም ነው።

«አባባ፣ በመስኮቱ በኩል ያሉት ላይ ሰፈር ናቸው፤ የእርስዎ ይሁኑ። በበሩ በኩል ያሉት ሰማያዊዎቹ ታች ሰፈር፣ የእኔ።»

«እሺ። ሳሸንፍህ ሱቅህ በር ላይ ቆሜ ነው የምሰድብህ።»

ቆሜ! ሚስቴ ከጓዳ ሰምታ ጠቀሰችኝ።

እስከ ዕረፍት ሁሉም ነገር አማረ። ብርቱካናማዎቹ አገቡ፣ ደገሙ። እኔ ራሴን ይዤ «አይ ቀበና! ጉድ ሠራሽኝ!» እያልኩ አለቃቀስኩ። ከዕረፍት መልስ ግን ቡድኖቹ ጎል ተቀያየሩ። አማቴ ዐይናቸውን ከመስኮቱ በኩል አልነቀሉም።

«አባባ፣ የእርስዎዎቹ ወደ በሩ መጡ እኮ።»

«ሰው ለዕረፍት ብሎ ሰፈር ይቀይራል? በማርያም በኩል ያለ ሁሉ የእኔ ነው።»

«ኧረ ልብሳቸውን ይዩ!»

«ልብስማ አንተም ትለብሳለህ።»

ስንት ቀን ያጠናሁት ስሌት በዚህ አለቀ። ብርቱካናማዎቹ ዋንጫውን አነሱ፤ አማቴም ከነሰማያዊዎቻቸው ተሸነፉ። እጃቸውን አጣጥፈው ወንበራቸው ላይ ተደላደሉና «በል፣ ስደበኝ» አሉ።

እሳቸው ፊት ጮክ ብዬ አስነጥሼ እንኳ አላውቅም።

«ነውር ነው፣ አባባ።»

«ነውሩ የገናን ሕግ ማፍረስ ነው። ስደብ!»

«እሺ… ዛሬ ትንሽ ደከም ብለዋል።»

«ይሄ ስድብ ነው? ይሄንንማ ሐኪሙም ብሎኛል!»

ሚስቴ ከኋላቸው ቆማ በእጇ «ጨምር፣ ጨምር» ትላለች። ዐይኔን ጨፈንኩ።

«የላይ ሰፈሩ አውራ ከወንበር ጋር ተጋብተዋል አሉ። መልስ የምንጠራው መቼ ነው?»

ትዳሬ በዐይኔ ላይ ዞረ።

«ዱላዬን!» ብለው ጮኹ።

ሚስቴ ከዘራውን ከግድግዳው አውርዳ አቀበለቻቸው። ቆልማማውን ወደ ታች ገልብጠው፣ እንደ ገና ዱላ ጨብጠው ተነሱ። ከበሩ ሥር ያወለቅኩትን ነጠላ ጫማ በአንድ ምት ግቢው መሃል አሳረፉት። እኔ ጫማዬን ተከትዬ ወጣሁ፤ እሳቸው እኔን። አጥሩ ጋ ስደርስ ዞር ብዬ አየሁ። አማቴ ዝናብ ላይ ቆመው፣ ዱላው ላይ ተደግፈው እያለከለኩ ይስቃሉ።

«ታች ሰፈር የምታውቁት ሩጫ ብቻ ነው!»

አሁን ኪዳነ ምሕረት ደርሰው ይመለሳሉ። ከዘራውን አሁንም ገልብጠው ነው የሚይዙት። «ከዘራ ያዙ እንዴ?» ላለ ሁሉ «የገና ዱላ ነው፤ ልምምድ ላይ ነኝ» ይሉታል። አንዳንድ ቀን ግን ስንፍናው ይመለስባቸዋል። ያን ጊዜ ሚስቴ ከእንጦጦ ትደውልልኛለች።

«አባባ ዛሬ ከወንበሩ አልተነሳም። ቶሎ ና ስደበው።»

ሱቄን ዘግቼ ታክሲ ውስጥ እገባለሁ። ዳገቱን እስክንጨርስ አንድ ደህና ስድብ ይመጣልኛል።