«ተመለሺ» የማይል ሱቅ

ከመካነ ሰላም የወጣሁ ዕለት ሚኒባሱ የተነሣው ጎህ ሲቀድ ነው። እማዬ ደጃፉ ላይ ቆማ «አላህ ይከተልሽ» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣትም። መንገዱ እስኪታጠፍ ሦስት ጊዜ ዞሬ አየኋት።

ጀርመን ከገባሁ ይኸው አራተኛ ዓመቴ ነው። ቋንቋውን እንደምንም ለመድኩ፤ የሱቁ ነገር ግን እስካሁን ያቃጥለኛል። ገብታችሁ ሰላም ብትሉ፣ ሻጩ ሰላም ብሎ ዝም ነው፤ ጤናችሁን፣ ቤተሰባችሁን የሚጠይቅ የለም። አንዳንዱ ጋ እንዲያውም ሰው የለም፣ የምትፋጠጡት ከማሽን ጋር ነው።

ባለፈው ሰሞን እማዬ ብርዱ ጉልበቷ እንደገባ ነገረችኝ። እዚሁ የሚኖረው የአገሬ ልጅ፣ የወግዲው ሰዒድ ደግሞ በማግስቱ አገር ቤት ሊበር ነው፤ ሻንጣው ውስጥ ለአንድ ካፖርት የሚሆን ቦታ ትቶልኛል። ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ሱቅ ገባሁ። ወፍራም፣ ቡናማ የሱፍ ካፖርት፣ በእማዬ ልክ፤ የቀረውም እሱ ብቻ ነበር።

ሻጯን ቀነስ አድርጊልኝ አልኳት። «ፌስትፕራይስ» አለችኝ፤ ቁርጥ ዋጋ ነው ማለቷ ነው። የመካነ ሰላም ሰው ቁርጥ ነው ሲባል ገበያው ገና ተጀመረ ብሎ ነው የሚያስበው። ገበሩን ገለበጥኩ፣ ቁልፉ ላልቷል አልኩ፣ ፊቴን አጨማደድኩ። እሷ ፈገግ ብላ ታየኛለች። በመጨረሻ እማዬ ያስተማረችኝን አደረግሁ፤ ካፖርቱን መልሼ ሰቅዬ፣ ቀስ እያልኩ ወደ በሩ ሄድኩ። የእኛ ነጋዴ ቢሆን አሥር እርምጃ ሳልራመድ «ነይማ አንቺ ልጅ፣ ተመለሺ፣ እንስማማለን» ይለኝ ነበር። ይቺ ግን «ቹስ» አለችኝ። ደህና ሁኚ ማለት ነው፤ ያውም ከልቧ።

እልህ ይዞኝ ውጭ ቆሜ ጠበቅኳት። ብርዱ ሲያሸንፈኝ ብመለስ፣ አንዲት አሮጊት ካፖርቱን ገዝተው እዚያው ለብሰውት ሲወጡ በር ላይ ተገጣጠምን። ሱቁም ሊዘጋ ነው። ሰዒድ ባዶ እጁን ሄደ።

ለእማዬ ደውዬ ሞኝነቴን ሁሉ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር።

«አብሽሪ፣ ብርዱንስ እችለዋለሁ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ሂያጅ እኮ ካልጠሩት አይመለስም፣ ልጄ። እኔም የሄድሽ ዕለት ልጠራሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ራሷ ትመለሳለች ብዬ ዝም አልኩ።»

እንግዲያው አሁን ጥሪኝ ልላት ፈለግሁ። ግን ስለ ጉልበቷ ጠየቅኋት።